ፎርማት ሳይደረግ፦ የሐይቁን አሮጌ ላፕቶፕ ያለ መጫኛ ሲዲ ማስነሳት

ሰኞ ማታ፣ ደሴ

ከሐይቅ ከተማ በሚኒባስ የተላከልኝ አሮጌ ቶሺባ ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ያለበት ዊንዶውስ 7 ነው። ማብሪያውን ስጫን የኩባንያው ስም ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ጽሑፍ አንድ መስመር ይመጣል፦ «ቡትኤምጂአር ኢዝ ሚሲንግ»፣ ዊንዶውስን የሚያስነሳው ፋይል ጠፍቷል ማለት ነው። ኮንትሮል፣ አልትና ዴሊትን አንድ ላይ ተጭናችሁ እንደገና አስነሱት ይላል። አስነሳሁት። ያው መስመር።

ባለቤቱ ሐይቅ መናኸሪያ አካባቢ ኮፒ ቤት ያላቸው እናት ናቸው፣ እኔ እትየ ነው የምላቸው። «አንተ ልጅ፣ ደብዳቤ እየጻፍኩ መብራቱ ብልጭ አለ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ይኸው አልነሳም ብሎኛል» አሉኝ በስልክ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ቻርጀሩ ላይ ተሰክቶ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር እዚያው ድርግም ይላል። «ስታብላይዘር አለኝ እኮ» አሉ ደግሞ። ስታብላይዘር የኃይሉን ከፍና ዝቅ ማለት ነው የሚያስተካክለው። መብራቱ ጭራሽ ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ይዞ የሚያቆየው ዩፒኤስ ነው፣ ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ሰው ደግሞ ብዙ ነው።

እኔ ጋ ሳይመጣ አንድ ጥገና ቤት አሳይተውት «ፎርማት ይደረግና በአዲስ ይጫናል» ተብለዋል፣ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ ማለት ነው። እሰየው እምቢ አሉ። እዚህ አገር ኮምፒውተር አስነጠሰ ከተባለ መድኃኒቱ ፎርማት ነው። እትየ ግን ሰነዳቸው አንድም ቦታ ኮፒ የለውም፣ አማርኛ የሚጽፉበት ፓወር ግዕዝ የተጫነበት ሲዲ የት እንደገባ አይታወቅም፣ ፕሪንተሩም አሮጌ ነው። ዊንዶውሱን የጫነላቸው ልጅም መጫኛ ሲዲውን ይዞ አዲስ አበባ ከገባ ቆይቷል።

«አብሽሩ እትየ፣ ሳልነካው አየዋለሁ» አልኳቸው።

ማክሰኞ ጠዋት

ከቀላሉ ነው የሚጀመረው። ፍላሽ ወይም ሜሞሪ ካርድ ተሰክቶ ቀርቶ ማሽኑ ከእሱ ሊነሳ ሲሞክር ይኸው መስመር ሊመጣ ይችላል። ስንቱ ሰው ለዚህ ብቻ ብር ከፍሏል። አየሁ፣ ምንም የተሰካ የለም።

ኤፍ8ን ደጋግሜ ነካሁ። ዊንዶውስ 7 ሲነሳ ኤፍ8 ብትጫኑ ሴፍ ሞድና «ሪፔር ዩር ኮምፒውተር» የሚሉ ምርጫዎች ያሉበት ማውጫ ይመጣል። እዚህ ግን ወይ ፍንክች። ነገሩም ግልጽ ነው፤ ያን ማውጫ የሚያወጣው ራሱ ጠፋ የተባለው ቡትኤምጂአር ነው።

ሂደቱን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ በኋላ ስለሚያስፈልገን። ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ባዮስ ነው። ባዮሱ የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር ያነባል፣ እሱም «አክቲቭ» የተባለውን ክፍል ይፈልጋል። ዊንዶውስ 7 በባዶ ዲስክ ላይ ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋባይት የምታህል፣ «ሲስተም ሪዘርቭድ» የምትባል ትንሽ ክፍል ከፊት ለፊት ያበጃል። ቡትኤምጂአርና ቢሲዲ የሚባለው፣ የትኛው ዊንዶውስ ከየት እንደሚነሳ የሚናገረው መዝገብ የሚቀመጡት እዚያች ውስጥ ነው። ዊንዶውሱ፣ ሰነዱ፣ ፓወር ግዕዙ ሌላው ትልቁ ክፍል ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ይህ መስመር መጣ ማለት ዊንዶውሱ ሞቷል ማለት አይደለም። ቤቱ ከነዕቃው አለ፣ የጠፋው የበሩ ቁልፍ ነው።

ኤፍ2 ተጭኜ ባዮስ ገባሁ። ዲስኩን ያየዋል፣ 250 ጊጋ ይላል። ጥሩ። ሰዓቱና ቀኑ ግን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ላይ ተመልሷል። የባዮሱ ትንሿ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። የቀኑ መሳሳት ብቻውን ላፕቶፕ አያስቀርም፣ ግን ማስታወሻዬ ላይ ከሥሩ አሰመርኩበት። ያቺ ባትሪ ስታልቅ የሚጠፋው ቀን ብቻ አይደለም፣ ሰው ያስተካከለው ነገር ሁሉ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል።

ማክሰኞ ማታ

ምንም ነገር ከመጠገን በፊት ሰነዱን ማውጣት። ይህቺን አልደራደርባትም።

ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፈንታ ከፍላሽ የሚነሳ ሲስተም፣ ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢ፣ ፍላሽ ላይ አዘጋጅቼ ኤፍ12 ተጭኜ ከፍላሹ አስነሳሁት። ኤፍ12 የቶሺባ ነው፤ ብዙ ኤችፒዎች ኤፍ9 ይፈልጋሉ፣ ዴልና ሌኖቮም በአብዛኛው ኤፍ12 ናቸው። ራሙ 2 ጊጋ ስለሆነ ሚንቱ እየተጎተተ ተነሳ። ዲስኩ ላይ ምንም አይጭንም፣ ከፍላሽና ከራም ነው የሚሠራው።

መጀመሪያ የዲስኩን ጤና አየሁ። ሚንት ውስጥ «ዲስክስ» የሚባል መሣሪያ አለ፣ የዲስኩን የራሱን የጤና መዝገብ ያሳያል። ጥቂት የተበላሹና የተተኩ ሴክተሮች አሉበት፣ አጠቃላይ ውጤቱ ግን ደህና ነው። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ቢሆን ኖሮ ጥገናው እዚህ ላይ ይቆም ነበር፤ የሚሞት ዲስክ ላይ ጥገና መሞከር ሞቱን ማፋጠን ነው።

ከዚያ ትልቁን ክፍል ለማንበብ ብቻ ከፈትኩት። ሁሉም አለ! የመስጊድ ኮሚቴ ደብዳቤና የማርያም ማኅበር መዋጮ ዝርዝር አንድ ፎልደር ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ወሎ ነዋ። የቤት ኪራይ ውል፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሰርግ ጥሪ፣ የሥራ ማመልከቻ። ሐይቅ ውስጥ ማን ከማን ጋር ምን እንደተዋዋለ እዚህ ላፕቶፕ ላይ ያለ ይመስለኛል (አላነበብኩም እትየ፣ ስማቸውን ብቻ ነው ያየሁት)።

አንዱን በትክክል መገልበጡን ለማየት ስከፍተው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ወጣ። የተበላሸ ይመስላል፣ አይደለም። የድሮዎቹ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች የአማርኛን ቅርጽ በላቲኑ ቦታ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት፣ ስለዚህ ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ጉድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው በፈረንጆቹ፣ ሰው ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት በለመደው ፎንት ቀጠለ። አሁን ገባችሁ ፎርማት ለምን መዘዝ እንደሆነ? ሰነዱን ብታድኑትና ፎንቱ ቢጠፋ የምታነቡት አይኖርም። ዊንዶውስ ውስጥ «ፎንትስ» የሚለውን ፎልደር ሙሉውን አብሬ ገለበጥኩ።

ከመዝጋቴ በፊት አንድ ነገር አየሁ። ሲ ድራይቭ ላይ «ፕሮግራም ፋይልስ» አንድ ብቻ ነው። ኤክስ86 የሚል ጭራ ያለው ሁለተኛው የለም። ስለዚህ ዊንዶውሱ 32 ቢት ነው፣ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ቢሆንም። ይህ ነገ የምፈልገውን ይወስናል።

ረቡዕ

መጫኛ ሲዲ የለንም፣ ግን ሙሉው መጫኛም አያስፈልገንም። ማንኛውም የሚሠራ ዊንዶውስ 7 «ሲስተም ሪፔር ዲስክ» የሚባል ትንሽ የጥገና ሲዲ ያወጣል። ዊንዶውስ መጫን አይችልም፣ መጠገን ብቻ ነው ሥራው። መጠኑም ትንሽ ነው፣ ተራ ሲዲ ላይ በደንብ ይገባል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ የ32 ቢቱን በ32፣ የ64ቱን በ64። ካልገጠሙ ጥገናው አይመጣጠንም ብሎ ይመልሳችኋል።

ፒያሳ አንድ ወዳጄ ለሙዚቃ ብቻ የሚጠቀምበት ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ላፕቶፕ አለው። ዊንዶውስ 7ን ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው፤ እዚህ ግን ያልጠበቃችሁት ቤት ሁሉ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ባዶ ሲዲ ማግኘት ነበር ፈተናው። ድሮ በየሱቁ ደርድረው ይሸጡት የነበረውን አሁን ስትጠይቁ ሻጩ ያያችኋል። ሰኞ ገበያ አንድ ሱቅ ውስጥ ከአሮጌ ካሴት ጀርባ ተገኘ።

ስታርት ላይ ተጭኖ በመፈለጊያው «ሪክዲስክ» ብሎ መጻፍ ነው (እንዲህ ያሉትን ቃላት በፊደላችን የምጽፈው ለንባብ እንዲመች ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፉት)። ሲዲውን አስገቡ ይላል፣ «ክሬት ዲስክ» ትላላችሁ፣ ያልቃል።

የቶሺባው ሲዲ ማጫወቻ ግን አያነበውም። ይሽከረከራል፣ ይንኳኳል፣ ይተወዋል። መነጽሩ አልቋል መሰለኝ፣ ለዓመታት አልተነካም። ሪክዲስክ ደግሞ ፍላሽ ላይ አልጽፍም ይላል፣ ሲዲ ወይም ዲቪዲ ብቻ። መፍትሔው የሲዲውን ውስጥ ወደ ፍላሽ ማዞር ነው።

በወዳጄ ላፕቶፕ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት በአድሚኒስትሬተር ከፍቼ «ዲስክፓርት» ብዬ ገባሁ። «ሊስት ዲስክ» ስትሉ ዲስኮቹን ከነመጠናቸው ይዘረዝራል። እዚህ ላይ ቡናችሁን አስቀምጡና በደንብ እዩ። ዲስክ 0 በአብዛኛው የማሽኑ የራሱ ነው። የእኔ 4 ጊጋ ፍላሽ ዲስክ 1 ሆኖ መጥቷል፣ በመጠኑ ለየሁት። ከዚያ «ሴሌክት ዲስክ 1»፣ «ክሊን»፣ «ክሬት ፓርቲሽን ፕራይመሪ»፣ «አክቲቭ»፣ «ፎርማት ኤፍኤስ=ፋት32 ኩዊክ»፣ «አሳይን»። «ክሊን» እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ የመረጣችሁትን ያጸዳዋል። የሰው ላፕቶፕ ላይ ዲስክ 0ን መርጦ ክሊን የሚል ሰው ደሴን ለቆ ቢሄድ ነው የሚሻለው።

ቀሪው ተራ ኮፒ ነው። ሲዲው ውስጥ ቡትኤምጂአር፣ «ቡት» የሚል ፎልደርና «ሶርስስ» የሚል ፎልደር አለ፣ ሁሉንም ወደ ፍላሹ። ዊንዶውስ 7 ላይ የተሠራ አክቲቭ ክፍል መነሻ ኮዱን ይዞ ስለሚመጣ ሌላ ነገር አልጨመርኩም።

ቶሺባው ላይ ሰካሁት። ኤፍ12፣ ዩኤስቢ። «ዊንዶውስ ኢዝ ሎዲንግ ፋይልስ» አለ። ማለፊያ!

ረቡዕ ማታ፣ መብራት ከመጣ በኋላ

የኪቦርዱን ቋንቋ መርጦ ሲታለፍ ያሉትን ዊንዶውሶች የሚዘረዝር ሳጥን ይመጣል። ባዶ ነው። አያስደነግጥም፣ ዝርዝሩ የሚነበበው ከቢሲዲ መዝገብ ነው፣ እሱ ደግሞ አብሮ ጠፍቷል። «ኔክስት» ብዬ አለፍኩ።

መጀመሪያ «ስታርትአፕ ሪፔር»ን ሞከርኩ። አንዳንዴ አንዱን ችግር ፈትቶ ሌላውን በቀጣዩ ስለሚያገኝ ተነስቶ ተመልሶ ደጋግሞ ማስሮጥ ይመከራል። የእኛው ግን ደጋግሜው እንኳ «መጠገን አልቻልኩም» ከማለት አልወጣም። ስለዚህ «ኮማንድ ፕሮምፕት»።

እዚህ ውስጥ የድራይቮቹ ፊደል ይቀያየራል። ዊንዶውሱ ውስጥ ሆናችሁ ሲ የምትሉት እዚህ ዲ ሊሆን ይችላል። «ዲር ሲ:» ብዬ አየሁ፣ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረው፤ ያቺ የ100 ሜጋዋ ክፍል ናት። «ዲር ዲ:» ስል ዊንዶውስ፣ ዩዘርስ፣ ፕሮግራም ፋይልስ ተዘረዘሩ። ይህን ሳያዩ ትእዛዝ መጻፍ የለም።

መጀመሪያ «ቼክዲስክ ሲ: /ኤፍ»። የትንሿን ክፍል የፋይል መዝገብ አስተካከለ፣ ስህተት አግኝቼ ጠግኛለሁ አለ። መብራቱ ሲሄድና ሲመጣ የተጎዳው ይኸው ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ቡትሬክ /ሪቢልድቢሲዲ» ነው የሚለው። እሱ መዝገቡን እንደገና ይጽፋል፣ የጠፋውን የቡትኤምጂአር ፋይል ግን አያመጣም። የእኛ ችግር ፋይሉም መጥፋቱ ነው። ታዲያ ያለ መጫኛ ሲዲ ከየት ይመጣል? ከዚያው! ዊንዶውስ 7 የመነሻ ፋይሎቹን ተቀያሪ ኮፒ ራሱ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ «ቡት» በሚለው ሥር አስቀምጧል። የሚያወጣው ትእዛዝ ደግሞ አንድ መስመር ነው፦

ቢሲዲቡት ዲ:\ዊንዶውስ /ኤስ ሲ:

«ዊንዶውሱ ያለው ዲ ላይ ነው፣ የመነሻ ፋይሎቹን ሲ ላይ አስቀምጥ» ማለት ነው። አፍታም አልቆየ። «ቡት ፋይልስ ሰክሰስፉሊ ክሪኤትድ» አለ። ቡትኤምጂአሩንም መዝገቡንም በአንድ ጊዜ።

በዚያ ላይ ደግሞ የዲስኩንና የክፍሉን መነሻ ኮድ እንደገና የሚጽፉትን «ቡትሬክ /ፊክስኤምቢአር» እና «ቡትሬክ /ፊክስቡት» ጨመርኩ። ፊክስቡት «ኤለመንት ኖት ፋውንድ» የሚላችሁ ከሆነ ትንሿ ክፍል አክቲቭ አለመሆኗን ጠርጥሩ። ዲስክፓርት ገብታችሁ ክፍሏን መርጣችሁ «ዲቴይል ፓርቲሽን» ስትሉ «አክቲቭ» ከሚለው ጎን «የስ» ማለት አለበት። «ሊስት ፓርቲሽን» ላይ የምትታየው ኮከብ አሁን የመረጣችሁትን ነው የምታሳየው እንጂ አክቲቩን አይደለም። የእኛዋ «የስ» ነበረች።

ፍላሹን ነቅዬ አስነሳሁት። ያ ክፉ መስመር የለም። «ስታርቲንግ ዊንዶውስ» አለ፣ አራቱ ቀለማት ተሽከርክረው ሊገናኙ ሲሉ ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ ብሎ ማሽኑ ተመልሶ ተነሳ። ደግሞ እንደዚያው። ደግሞ።

ሐሙስ

አሁን ግን ኤፍ8 ይሠራል፣ ምክንያቱም ቡትኤምጂአሩ ተመልሷል። ከማውጫው ስህተት ሲፈጠር በራሱ ዳግም እንዳይነሳ የሚያደርገውን መረጥኩ። ሰማያዊው ስክሪን ቆመልኝ። ከታች ያለው ቁጥር መጨረሻው 7ቢ ነው።

7ቢ ማለት ዊንዶውሱ መነሳት ጀምሮ የተቀመጠበትን ዲስክ ራሱን ማግኘት አቃተው ማለት ነው። ትናንት ግን በጥገናው ፍላሽ ሆኜ ዲስኩን ወለል አድርጌ አይቼዋለሁ። ታዲያ? እዚህ ላይ ያቺ ያሰመርኩባት የባዮስ ባትሪ መጣች።

ለእትየ ደወልኩ። «ይህ ላፕቶፕ መጀመሪያ ምን ነበረበት?» «ያ የድሮው ነበር፣ ሣሩና ሰማዩ ያለበት» አሉ። ዊንዶውስ ኤክስፒ! በቃ ተገጣጠመ። ኤክስፒ ኤኤችሲአይ የሚባለውን የሳታ አሠራር፣ ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ፣ በራሱ አያውቅም፣ ስለዚህ በዚያ ዘመን የሚጭኑ ልጆች ባዮስ ውስጥ ገብተው ወደ «ኮምፓቲብሊቲ» ይቀይሩት ነበር። በኋላ ዊንዶውስ 7ም በዚያው ላይ ተጫነ። ዊንዶውስ 7 ኤኤችሲአይን ያውቃል፣ ግን ሲጫን ካላገኘው ድራይቨሩን (ያን አሠራር የሚያሠራለትን ትንሽ ፕሮግራም) ከመነሻው ላይ ያጠፋዋል። አሁን ባትሪዋ ስታልቅና መብራት ሲሄድ ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ኤኤችሲአይ ተመለሰ። የጥገናው ፍላሽ ሁለቱንም ስለሚችል ምንም አልመሰለውም።

ባዮስ፣ «ሳታ ኮንትሮለር ሞድ»፣ ከኤኤችሲአይ ወደ ኮምፓቲብሊቲ፣ ኤፍ10፣ ሴቭ።

አራቱ ቀለማት ተገናኙ። የእትየ ዴስክቶፕ ከነፎልደሩ፣ ከሐይቅ ፎቶ ጋር መጣ።

ዓርብ

ባትሪዋን ሳልቀይር ብልከው መብራት በሄደ ማግሥት ያው 7ቢ ይመለሳል። የታችኛውን ክዳን ስከፍት በሁለት ቀጭን ሽቦ፣ ቀይና ጥቁር፣ በትንሽ ሶኬት የተሰካች፣ በጥቁር ፕላስቲክ የተጠቀለለች ሲአር2032 ናት። ሴሏ ራሷ ለሰዓትና ለመኪና ሪሞት የሚሸጡ ልጆች ጋ ትገኛለች፣ ግን ሽቦው በብየዳ ስለተያያዘ ከነሽቦዋ ብትገኝ ይሻላል። ሴሏ ላይ በቀጥታ መበየድ አደጋ አለው፣ ልትፈነዳ ትችላለች። ፒያሳ ከተሰበሩ ላፕቶፖች ዕቃ የሚያወጣ ልጅ ጋ ሶኬቷ የምትገጥም ተገኘች። በመለኪያ ሳያት 3 ቮልት ትሰጣለች። ቀኑን አስተካከልኩ፣ ቻርጀሩን ነቅዬ ምሳ በልቼ ስመለስ ቀኑም ኮምፓቲብሊቲውም እንዳሉ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ትልቁ ክፍል ላይ ቼክዲስክ በ/አር አስሮጥኩ፣ ይሄ ረጅም ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፓወር ግዕዙን ከፍቼ ያን ድብልቅልቅ የወጣውን ደብዳቤ አየሁት፣ አማርኛው ቁልጭ ብሏል። የደንበኞች ፍላሽ ያመጣውን፣ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርግ ቫይረስም አጸዳሁ፣ ኮፒ ቤት ሆኖ ያለሱ የለም። ድጋፍ የቀረበት ዊንዶውስ ስለሆነ ኢንተርኔት እንዳያገናኙት ነግሬያቸዋለሁ።

ሰነዱ ያለበት ሁለተኛ ፍላሽ ከላፕቶፑ ጋር ይላካል። እትየ ስሰማቸው ዩፒኤስ ይሁን አዲስ ባትሪ እያሉ ነው። አንዱን ብቻ መግዛት ከሆነ ባትሪው ይሻላል ብያለሁ፤ ማሽኑን በደንብ ዘግቶ ለማጥፋት የሚሆን ጊዜ ይሰጣል፣ ፕሪንተሩ ግን ሲጠፋ ይጥፋ፣ ፕሪንተር መብራት ቢሄድበት ወረቀት ነው የሚያበላሸው። የሲዲ ማጫወቻውን ትቼዋለሁ፣ ማንም አይፈልገውም።

የ32 ቢት የጥገና ፍላሹን አላጠፋሁትም፣ የ64ቱንም ከሌላ ማሽን እሠራዋለሁ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆናችሁ ይቺው መስመር የገጠማችሁ ካላችሁ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ንገሩኝ፣ አውሳችኋለሁ። ቻርጀራችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ፣ የእኔ ሁሉንም አይገጥምም።